የግመል ጠባቂዎቹ ባሉቺ፦ ከወገኑ ርቆ፣ ከጎረቤት ተዳብሎ የኖረ ሰዋስው

ሙስካት ወይም ዱባይ ሠርቶ የመጣ ሰው «አል ባሉሺ» የሚለውን የቤተሰብ ስም ሳያይ አይመለስም። በሱቅ ሰሌዳ ላይ አለ፣ በኦማን ብሔራዊ ቡድን ማሊያ ላይ አለ፣ በአሠሪዎች መታወቂያ ላይም አይጠፋም። ስሙ «ባሉቹ» ማለት ነው፤ ባሉች ሕዝቡ፣ ባሉቺ ቋንቋው ነው። የእነዚህ ሰዎች ቅድመ አያቶች ከባሕሩ ማዶ፣ ዛሬ ኢራንና ፓኪስታን ከተካፈሉት ከመክራን ጠረፍ የተሻገሩ ናቸው። ጓዳር የተባለችው የፓኪስታን ወደብ እንኳ እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ድረስ በኦማን ሱልጣን እጅ ነበረች። እኛ አገር ስለ ባሉቾች የሚያውቅ ሰው ካለ ያወቃቸው በዚህ በኩል ነው፤ በባሕር፣ በወደብ፣ በንግድ።

ይህ ጽሑፍ ግን ባሕሩን አያየውም። የሚናገረው ከመክራን ጠረፍም ሆነ ከባሉቺስታን ደጋ ርቀው፣ በደቡብ ምዕራብ ኢራን በፋርስ ክፍለ ሀገር ስለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ነው። ኮሮሽ ይባላሉ፤ ቋንቋቸው ደግሞ ኮሮሺ። የፋርስ ዋና ከተማ ሺራዝ ናት፤ የባለቅኔዎቹ የሳዓዲና የሐፌዝ መቃብር ያለባት፣ የፋርስኛ ግጥም እናት። ከሺራዝ እስከ ኢራን ባሉቺስታን ዋና ከተማ እስከ ዛሄዳን በመኪና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መካከል ላይ ኬርማን አለ፣ በረሃ አለ። ባሉቺ ይነገርበታል ብሎ ማንም የማይገምተው ቦታ ነው። ይነገርበታል።

በተለምዶ እንዲህ ያለውን አነጋገር «የተነጠለ ዘዬ» ይሉታል። ቃሉ ትክክል የሚመስለው ካርታ ብቻ ሲያዩ ነው። ሰዋስውን ለተመለከተ ሰው ኮሮሺ ከዘመዶቹ ይነጠል እንጂ ብቻውን ኖሮ አያውቅም፤ እንዲያውም ከአብዛኛው ባሉቺ ይልቅ የተጨናነቀ ሰፈር ውስጥ ነው ያደገው። የተረፈውም፣ ዛሬ የታመመውም በዚህ ሰፈር ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

ሰፈሩን እንየው። በፋርስ ተራሮች ላይ ቃሽቃይ የሚባሉ፣ ቱርክኛ የሚናገሩ አርብቶ አደሮች ለዘመናት ሲመላለሱ ኖረዋል። ክረምቱን በባሕረ ሰላጤው አቅጣጫ ባለው ሞቃት ምድር ያሳልፋሉ፤ ጋርምሲር ይሉታል፣ በእኛ አባባል ቆላቸው ነው። በጋ ሲገባ ወደ ዛግሮስ ተራሮች ይወጣሉ፤ ይሄ ሳርድሲር ነው፣ ደጋቸው። ድንኳኑን፣ ምንጣፉን፣ የዱቄት ከረጢቱን፣ አንዳንዴም አሮጊቷንና ሕፃኑን ከቆላ ደጋ የሚያመላልሰው ግመል ነበር። ግመሉን የሚጠብቁት ደግሞ ኮሮሾች። ከቃሽቃይ ጎሣዎች ጋር ተጠግተው፣ ግመል እያገዱ፣ እየጫኑና እያራገፉ ኖሩ። ሥራቸው መለያቸው ሆነ። በሥራቸውም በአነጋገራቸውም ከቃሽቃዮቹ ይለያሉ፤ ግን ያለ ቃሽቃዮቹ አይንቀሳቀሱም።

እንግዲህ አንድ የኮሮሽ ልጅ ስንት ቋንቋ ይሰማ እንደነበር አስቡት። ቤት ውስጥ ኮሮሺ። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ከግመሉ ባለቤት ጋር የቃሽቃዮች ቱርክኛ። ገበያ ሲወርድ ፋርስኛ። በመንገዱ ላይ ደግሞ ሉርኛ የሚናገሩ መንደሮች፣ ወደ ደቡብ ሲወርድ የላሬስታን ዘዬዎች፣ አልፎ አልፎም ዓረብኛ። ይህ ሁሉ ጆሮው ውስጥ እየገባ ማታ እናቱ ተረት የምትነግረው በባሉቺ ነበር። ብቸኝነት የሚባል ነገር የለበትም።

ባሉቺ መሆኑስ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ በድምፅ። ባሉቺ ከፋርስኛ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ቢሆንም ከወንድሙ ይልቅ ለአክስቱ ልጅ ለኩርድኛ ይቀርባል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ሁለቱንም ከሰሜን ምዕራብ የኢራን ቋንቋዎች ይመድቧቸዋል። በመልክዓ ምድር ባሉቺስታን ደቡብ ምሥራቅ መሆኗ አያሳስታችሁ፤ ሕዝብ ይሄዳል፣ ስያሜው ግን እዚያው ይቀራል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የዓረብኛ ጂኦግራፊ ጸሐፊዎች ባሉቾችን የሚጠቅሱት በኬርማን ዙሪያ ነው፤ ከዛሬው አገራቸው ወደ ምዕራብ፣ ከፋርስ ብዙም ሳይርቁ። ይህን ስናስታውስ በፋርስ ውስጥ ባሉቺ መገኘቱ መጀመሪያ ሲሰሙት እንደሚመስለው ያን ያህል ተአምር አይሆንም።

ፋርስኛ «ማወቅ» ለሚለው የግሥ ሥር «ዳን» ሲል ባሉቺና ኩርድኛ «ዛን» ይላሉ። አማቹን ፋርስኛ «ዳማድ» ብሎ ሲጠራው ባሉቺ ቃሉን በ«ዛ» ይጀምረዋል። ውኃ በፋርስኛ «ኣብ» ነው፤ በባሉቺ «ኣፕ»። ቀን በፋርስኛ «ሩዝ»፣ በባሉቺ «ሮች»። ነፋስ በፋርስኛ «ባድ»፣ በባሉቺ «ግዋት»። በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቃላት ማብቂያ ላይ ባሉቺ የሺህ ዓመታት ዕድሜ ያላቸውን ጠንካራ ድምፆች አጥብቆ ይዟል፤ ፋርስኛ ግን አለስልሷቸዋል። አንድ የማይረሳ ምሳሌ ልጨምር። በዛሬው የኢራን ፋርስኛ አንበሳም «ሺር» ነው፣ ወተትም «ሺር» ነው፤ የትኛው እንደሆነ ከወሬው ያውቁታል። ባሉቺ ግን አንበሳውን «ሼር»፣ ወተቱን «ሺር» እያለ እስካሁን ይለያቸዋል። አንድ አናባቢ ነው ልዩነቱ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው አናባቢ ነው ዘዬን ከዘመዱ ጋር የሚያገናኘው።

ይሁንና ዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ ኮድ ለኮሮሺ የራሱን ሦስት ፊደል ሰጥቶታል፤ ኬ-ቲ-ኤል። ባሉቺ በአንድ ጃንጥላ ኮድ ሥር ምዕራብ፣ ደቡብና ምሥራቅ ተብሎ በሦስት ሲከፈል ኮሮሺ ከጃንጥላው ውጭ ቆሟል። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመው ዝርዝር የሰዋስው መግለጫ፣ ከተናጋሪዎቹ አፍ በተቀዱ ትረካዎች ላይ ተመሥርቶ፣ ኮሮሺን የባሉቺ ዘዬ አድርጎ ነው የሚያየው። ቋንቋ ነው ዘዬ የሚለው ክርክር እኛም ቤት ስላለ አላረዝመውም። ለተናጋሪው ግን ትርጉም አለው፤ ሚሊዮኖች ከሚናገሩት ቋንቋ ጋር ከተቆጠረ «አደጋ ላይ» ከሚባሉት ዝርዝር ይወጣል፣ ለብቻው ከተቆጠረ ደግሞ ዘመድ የለሽ ይሆናል። ሁለቱም ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ሰዋስው። ሰው የሚፈራው ክፍል ነው፤ አትፍሩ፣ አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ጉዳይ ከብዙ ሰው የተሻለ ጆሮ አለው።

በአማርኛ «ሄድኩ» ስንል በግሡ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኩ» ሂያጁ እኔ መሆኔን ትናገራለች። «አረድኩ» ስንልም ያቺው «ኩ» ናት። ማረድ ተሳቢ ይፈልጋል፣ መሄድ አይፈልግም፤ «ኩ» ግን ልዩነቱን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ፋርስኛም እንዲሁ ነው፤ «ራፍታም» ሄድኩ፣ «ኮሽታም» ገደልኩ፣ በሁለቱም ላይ ያው «ኣም»። ኮሮሺ እዚህ ላይ ይለያል። በኃላፊ ጊዜ የሄደ ሰው በተራው የግሥ ቅጥያ ይታወቃል። የገደለ፣ የበላ፣ ያየ፣ የሰጠ ሰው ግን፣ ማለትም ድርጊቱ ወደ ሌላ ነገር የተሻገረበት ሰው፣ በግሥ ቅጥያ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በተለጣፊ ተውላጠ ስም ነው። ያቺ ተለጣፊ ደግሞ «ቤቴ» ስንል እንዳለችው ዓይነት፣ ባለንብረትን የምትናገረዋ ናት።

አቅልዬ ላስቀምጠው። «ፓስ» በግ ወይም ፍየል ነው። «ኮሽት» የመግደል ኃላፊ ግንድ። «ኦም» ማለት «የኔ»። እነዚህን ሲያገጣጥሟቸው «ፓስኦም ኮሽት» ይሆናል፤ ቃል በቃል «በጌ ተገደለ» የሚል ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን «በግ አረድኩ» ነው። አራጁ ከግሡ ላይ ወርዶ በጉ ጀርባ ላይ ተቀምጧል። በአሁንና በወደፊት ጊዜ ግን ይህ የለም፤ «አርዳለሁ» ለማለት ግሡ እንደማንኛውም ግሥ የራሱን ቅጥያ ይይዛል። ማለትም አንዱ ሰው ዛሬ ሲያርድ በአንድ ሥርዓት፣ ትናንት ሲያርድ በሌላ ሥርዓት ይነገራል።

እንግዳ የሚመስለው ለአፍታ ብቻ ነው። «ራበኝ» ስንል የተራበው እኔ ነኝ፤ ግሡ ላይ ግን ያለሁት እንደ ባለቤት ሳይሆን ነገሩ እንደደረሰበት ሰው ነው። «ሁለት ልጆች አሉኝ» ስንልም ባለልጁ እኔ፣ በግሡ «ያሉት» ግን ልጆቹ ናቸው። ይህን ሁለተኛውን ባሉቺ ልክ እንደኛ ነው የሚለው፤ ለኔ ሁለት ልጆች አሉ። ፋርስኛ ግን «ዳራም» ብሎ «ይዣለሁ» በሚመስል ግሥ ይገላገለዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ አዲስ አበቤው ከሺራዙ ሰው ይልቅ ለባሉቹ ይቀርባል። ዝምድና ኖሮን አይደለም፤ ሰው ንብረትን የሚናገርባቸው መንገዶች ጥቂት ስለሆኑ ነው።

ይህ አካሄድ ከየት መጣ? መልሱ ድንጋይ ላይ ተጽፏል። ቀዳማዊ ዳርዮስ ከዛሬ 2,500 ዓመት በፊት በቤሂስቱን ገደል ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ውስጥ «ኢማ ትያ ማና ካርታም» የሚል ሐረግ አለ። «ያደረግሁት ይህ ነው» ማለት ነው፤ አሠራሩ ግን «የኔ የተደረገው ይህ ነው» የሚል ነው። «ማና» የኔ፣ «ካርታም» የተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ «አደረግሁ» ብሎ በግሥ ቅጥያ ሊናገር ሲችል ድርጊቱን እንደ ንብረቱ አድርጎ ነው ያቀረበው። ከዚያ በኋላ በመካከለኛው ዘመን ፋርስኛ ይህ አነጋገር ደንብ ሆነ፤ «ኡም ጉፍት» ሲሉ «እኔም አልኩ» ማለታቸው ነበር፣ «ም» ደግሞ ያችው ተለጣፊዋ ናት። ከዚያ አዲሱ ፋርስኛ መጣና ሁሉንም አስተካከለ፤ ተሻጋሪውንም የማይሻገረውንም በአንድ ቅጥያ አለበሰ። ዛሬ የሺራዝ ተማሪ የሐፌዝን ግጥም በቃሉ ይወጣል፤ የዳርዮስን አነጋገር ግን የሚያስታውሰው ከከተማው ዳርቻ የሰፈረው የግመል ጠባቂ ልጅ ነው።

ባሉቺ በሙሉ ይህን ጠብቋል ማለት አይደለም። የደቡብና የምሥራቅ ዘዬዎች ይዘውታል። ምዕራባዊው ክንፍ፣ በሲስታንና በቱርክሜኒስታን ያለውን ጨምሮ፣ ለቆታል፤ እንደ ፋርስኛ «ሄድኩ»ንም «ገደልኩ»ንም በአንድ ይናገራል። ብዙ ተናጋሪ ያለው፣ ሬዲዮ ያለው፣ ካርታ ላይ ስሙ የተጻፈ ዘዬ ጥንታዊውን ነገር ጥሎ፣ ትንሹና ርቆ የሄደው ኮሮሺ ይዞታል።

ለዚህ የሚቀርበው ቀላል ማብራሪያ «ርቀት ያቆያል» የሚል ነው፤ ገጠር ያለ ዘመድ የድሮውን አማርኛ ይናገራል እንደምንለው። እኔን አያሳምነኝም። የቱርክሜኒስታን ባሉቾችም ከወገናቸው ርቀው የሄዱ ናቸው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ከአፍጋኒስታን ተሻግረው በሜርቭ ምድር ሰፈሩ። ርቀት ቢያቆይ ኖሮ እነሱንም ባቆየ ነበር። ኮሮሺን የረዳው ጎረቤቱ ይመስለኛል። በፋርስ ደቡብ፣ በላሬስታን ዘዬዎች ዘንድ፣ ድርጊት ፈጻሚው በኃላፊ ጊዜ በተለጣፊ ተውላጠ ስም የሚታወቅበት ያው ጥንታዊ ሥርዓት በሕይወት አለ፤ እነሱ ዘንድ ተለጣፊዋ ከግሡ በፊት ትመጣለች። ኮሮሾቹ ወደ ቆላ በወረዱ ቁጥር የሚሰሙት ባዕድ ቃል የለበሰ፣ አጥንቱ ግን ከራሳቸው ጋር አንድ የሆነ አነጋገር ነበር። ቤት ያለውን ልማድ ጎረቤት ቤትም ሲያዩት ልማዱ ይጸናል።

የድርጊት ፈጻሚው አነጋገርም ራሱ የሰፈሩን መልክ ይዟል። በደቡብ ባሉቺ ዘዬዎች «ሰውየው በጉን አረደው» ሲባል «ሰውየው» የሚለው ስም ራሱ ሙያውን፣ ማለትም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ድርሻ፣ የሚያሳይ የተለየ ቅጥያ ይጨመርበታል። በኮሮሺ ሸክሙ የወደቀው በተለጣፊዋ ላይ ነው። አጥንቱ ባሉቺ፣ አረማመዱ የፋርስ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስደስተኛል፤ ለአማርኛ ሰው የተሰጠ ስጦታ ስለሆነ። ስም ላይ «የታወቀው፣ ቅድም ያነሳነው» የሚል ምልክት የማድረግ ጉዳይ ነው። እኛ «ልጁ»፣ «ልጅቷ»፣ «ቤቱ» እንላለን። ብዙ የባሉቺ ዘዬዎች እንዲህ ያለ ምልክት የላቸውም፤ መጽሐፋዊው ፋርስኛም የለውም። ኮሮሺ አለው፤ ስሙ መጨረሻ ላይ የምትመጣ «ኦክ» የምትባል ቅጥያ። «ኦክ» የመጣችው ከማሳነሻ ነው። በጥንቱ የኢራን ቋንቋዎች «ክ» ያለባቸው ቅጥያዎች ትንሽነትን፣ ፍቅርን፣ አንዳንዴም ንቀትን ይናገሩ ነበር፤ በፋርስኛ እስከ ዛሬ «ፔሳራክ» ሲሉ ትንሹን ልጅ ነው። ከዚህ ሥር ነው በማዕከላዊ ኩርድኛ «ፒያዋካ» ማለትም «ሰውየው» የመጣው። በንግግር ፋርስኛ «ፔሳሬ» ይላሉ፣ የሺራዝ ሰው ደግሞ «ፔሳሩ» ይላል። «ፔሳሩ» እና «ልጁ»፤ ሁለቱም በ«ኡ» ያልቃሉ፣ ሁለቱም አንድ ትርጉም አላቸው። አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ።

ማሳነሻ እንዴት «የታወቀው» ይሆናል? መልሱ በየቀኑ ከአፋችን ይወጣል። «ሰውዬው» የሚለውን ቃል ፈታችሁ እዩት። «ሰው» አለ፣ መጨረሻ ላይ «ው» አለች፣ መካከል ላይ ደግሞ «ዬ»። ይህቺ «ዬ» ከ«እናትዬ»፣ ከ«ወንድምዬ»፣ ከ«ልጅዬ» የምናውቃት የማቆላመጫ «ዬ» ናት። ሆኖም «ሰውዬው ቦርሳዬን ሰረቀኝ» ስንል ሌባውን እያቆላመጥነው አይደለም። ፍቅሯ ተሟጦ «ያ የምናወራለት ሰው» የሚለው ብቻ ቀርቷል። «ሴትዮዋ»ም እንዲሁ። ተረት ሲነገር ይህ በግልጽ ይታያል፤ «አንድ ሰው ነበረ» ተብሎ ይጀመራል፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «ሰውዬው» ይሆናል። ተራኪው ለገጸ ባሕሪው የሚያሳየው ቅርበት እየቆየ ሲሄድ «ቅድም ያልኳችሁ» ወደሚል ምልክት ይለወጣል። ኮሮሺም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ «ኦክ» ትንሽነትን ትታ ታዋቂነትን ይዛለች። ተራራ የሚያህል ግመል ላይም ልትለጠፍ ትችላለች።

እዚህም ጥያቄው ያው ነው። አብዛኛው ባሉቺ ሳያደርገው ኮሮሺ ለምን አደረገው? ዙሪያውን እዩ፤ የሺራዝ «ኡ» አለች፣ የንግግር ፋርስኛ «ኤ» አለች። ቁሱ ከራሱ ጓዳ ነው፣ ሐሳቡ ግን ሰፈር ውስጥ ይዞር ነበር።

ስለዚህ «የተነጠለ» የሚለው ስያሜ ግማሽ እውነት ነው። ተነጥሎ ቢሆን ኖሮ አንዱን ጥንታዊ ነገር ይዞ ሌላው ላይ እንዲህ አዲስ አይሆንም ነበር። በእኔ ግምት ቋንቋውን ያኖረው ሥራው ነው። ግመል ጠባቂነት ኮሮሾችን ከቃሽቃዮቹ ጋር በየቀኑ እያገናኘ፣ ግን ደግሞ እንደ አንድ ወገን ለይቶ በአንድ ሰፈር ያኖራቸው ነበር። የሙያ አጥር ነበር። ውጭ ሦስት ቋንቋ ይናገሩ፣ ከአጥሩ ውስጥ ሲገቡ አንድ።

አጥሩን ያፈረሰው ብዙ ነገር ነው። የኢራኑ ንጉሥ ሬዛ ሻህ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አርብቶ አደሩን በግድ ሊያሰፍር ሞከረ፤ የፍልሰት መንገዶች በወታደር ተዘጉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመሬት ሪፎርም መጣ። ከሁሉም በላይ ግን ፒክአፕና የጭነት መኪና መጣ። ግመሉ በቀናት የሚያደርሰውን መኪናው በሰዓታት አደረሰው። ከዚያ በኋላ ግመል ጠባቂ ለምን ያስፈልጋል? ኮሮሾቹ ወደ መንደሮች ዳርቻ፣ ወደ ማርቭዳሽትና ወደ ሺራዝ ዳር ሰፈሮች ተበተኑ። ከተማ ውስጥ ጎረቤት አይመረጥም፤ ልጁ ከበሩ ሲወጣ የሚያገኘው ፋርስኛ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤትም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቃሽቃዩ ሞሐመድ ባህማንቤይጊ ለአርብቶ አደር ልጆች ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤቶችን አቋቁሞ ነበር፤ በነጭ ድንኳን፣ ከመንጋው ጋር የሚጓዙ። ከጥቁሮቹ የመኖሪያ ድንኳኖች መካከል ነጩ ከሩቅ ይታያል። በእኔ እምነት ከዚያ ዘመን የኢራን ታሪክ በጣም የሚያምረው ገጽ ይህ ነው፤ ማንም ያልደረሰላቸውን ልጆች ሐኪምና መሐንዲስ አድርጓል። ነገር ግን በነጩ ድንኳን ውስጥ የነበረው ፊደል የፋርስኛ ብቻ ነው። በዚህ ባህማንቤይጊን መውቀስ አይገባም፤ ልጆቹም የፈለጉት ያንን ነበር። ዋጋው ግን የሚታየው ከአንድ ትውልድ በኋላ ነው።

የኢራን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 15 የአካባቢና የጎሣ ቋንቋዎች በጋዜጣና በሬዲዮ እንዲያገለግሉ፣ ሥነ ጽሑፋቸውም በትምህርት ቤት ከፋርስኛ ጎን እንዲሰጥ ይፈቅዳል። መፍቀዱ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ አለ። ማድረጉ ነው ያስቸገረው። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2025፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን በሚከበርበት በዚያው ወር፣ የኢራን ፓርላማ ይህን አንቀጽ ወደ ተግባር ሊያስገባ የነበረ ረቂቅ ቀርቦለት በ130 ተቃውሞ በ104 ድጋፍ ጣለው። ክርክሩ በዋናነት ስለ አዘርባይጃን ቱርክኛ፣ ስለ ኩርድኛ፣ ስለ ዓረብኛና ስለ ትልቁ ባሉቺ ነበር። ቢጸድቅ ኖሮ እንኳ ለኮሮሺ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው፤ ሺራዝ ውስጥ የባሉቺ ክፍል ማን ይከፍታል?

ከዚህ ጋር የሶቪየቶቹን ነገር ማነጻጸር ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በቱርክሜኒስታን ለጥቂት ሺህ ባሉቾች በላቲን ፊደል የመማሪያ መጽሐፍና ጋዜጣ ይታተም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በአንድ ጊዜ ቆመ። የቱርክሜኒስታን ባሉቾች ግን በአንድ ቀበሌ አብረው ሰፍረው ስለቆዩ ያለ ፊደልም ቋንቋቸውን ይዘው ዘለቁ። መጽሐፍ የሌለው ቋንቋ ሰፈር ካለው ይኖራል። ኮሮሺ ያጣው ሰፈሩን ነው።

ኢንተርኔትስ? የጉግል መተርጎሚያ እ.ኤ.አ. በ2024 በአንድ ጊዜ 110 ቋንቋዎች ሲጨምር ባሉቺ ከእነሱ አንዱ ነበር። ለብዙ ባሉቾች ትልቅ ዜና ነው፤ እኛም አማርኛ የገባ ጊዜ እንዴት እንደተደሰትን አንረሳውም። ነገር ግን ማሽን የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ ብዙ የተጻፈው ደግሞ በፓኪስታን፣ ኬታና ካራቺ ውስጥ ነው። ባሉቺ ራሱ አንድ ወጥ አጻጻፍ ላይ ገና አልተስማማም። ከዚህ ሁሉ ግርጌ ተቀምጦ ኮሮሺ አንድ ጋዜጣ፣ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ የለውም። ያለው የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ተረቶችና የሕይወት ታሪኮች፣ ተመራማሪዎች ቃል በቃል ገልብጠው ያተሟቸው። ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ሰነድ ለልጅ ተረት አይነግርም።

ለውጡ ሲመጣ ደግሞ ድምፅ አያሰማም። ቅድም ወዳረድነው በግ እንመለስ። «ፓስኦም ኮሽት» በሚለው ውስጥ ተለጣፊዋ የግድ በጉ ላይ መቀመጥ የለባትም፤ ወደ ግሡም ልትዞር ትችላለች፣ «ፓስ ኮሽትኦም»። በኮሮሺ ደንብ ይህም ልክ ነው። ፋርስኛ የለመደ ጆሮ ግን እዚህ ላይ የሚሰማው የራሱን «ኮሽታም» ነው። ልጁ አያቱ ያሉትን ዓረፍተ ነገር በትክክል ደግሞ እያለ፣ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ሰዋስው ግን ፋርስኛ ሊሆን ይችላል። በ«እኔ» ላይ ልዩነቱ አይታወቅም።

የሚታወቀው በ«እሱ» ላይ ነው። ፋርስኛ «ገደለ» ለማለት ግሡን ባዶ ይተወዋል፤ «ኮሽት» ብቻ። በኮሮሺ ግን እሱም ተለጣፊ አለው፣ አጭር «ኢ»፤ «ኮሽትኢ»። ሺራዝ ዳር ያለ አንድ ልጅ የአጎቱን ወሬ ሲያወራ፣ «አጎቴ በግ አረደ» ሲል፣ ማዳመጥ ያለብን መጨረሻዋን ነው፤ «ኢ» አለች ወይስ የለችም።